ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ

ባለፈው ኅዳር የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሽ ልየው አርፈው ለለቅሶ ወደ መንደራችን ሄድኩ። መንደራችን ከደብረ ማርቆስ ወደ አማኑኤል ከሚወስደው አስፋልት ወደ ውስጥ የአርባ ደቂቃ የእግር መንገድ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ እንደተቀመጥኩ ሸራው ሸተተኝ። ጠል ነክቶት ጠዋት ፀሐይ ያሞቀው ሸራ፣ ታጥፎ ከከረመበት ቤት የአይጥና የገብስ ሽታ ይዞ የመጣ። የዕድር ሸራ ነው፤ ለለቅሶም ለሰርግም የሚተከለው እሱ ነው። ከእኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀው።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሟቹን ያነሡ ነበር።

"ነገር አዋቂ ነበር" አለ አንደኛው። "ገና አፍህን ሳትከፍት ምን ልትል እንደመጣህ ያውቅብሃል።"

"የሰው ልብ ማወቅ የሱ ስጦታ ነው" አለ ሌላው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። "አንቺማ የሳቸው መልእክተኛ አልነበርሽ? እንዴት ይወዱሽ ነበር።"

የያዝኩትን ንፍሮ መሬት አስቀምጬ ወጣሁ። በሞተ ሰው ላይ መናደድ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት። እኔ ግን ተናድጃለሁ። ድንኳኑ ጀርባ ቆሜ ያንን ጥር አሰብኩ።

አሥር ዓመቴ ነበር፤ አራተኛ ክፍል። ሰው የሚናገረውን እሰማለሁ፤ ሰው የሚያስበውን ግን ሌሎቹ ከየት እንደሚሰሙት አላውቅም ነበር። እናቴና ጎረቤታችን እማማ ጥሩወርቅ በአጥር ላይ ስለ ሽንኩርት ያወራሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ስለ ሽንኩርት ሲያወሩ እሰማለሁ። ከዚያ እናቴ ቤት ገብታ እህቴን "ልጇ ያረገዘች ይመስለኛል" ትላታለች። ስለ እርግዝና ማን ምን አለ? ቆሜ ነበር እኮ። አንድም ቃል አላመለጠኝም።

ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። "እንዴት አደርሽ" ሲሉኝ እንዴት እንዳደርኩ ማወቅ ፈልገው አይደለም፤ ይህን ያወቅሁት ለንስሐ አባታችን ሦስት ጊዜ እንዳስቀመጠኝ ከነገርኳቸው በኋላ ነው። "እንብላ" ሲሉኝ ቁጭ ብዬ መብላት የለብኝም፤ ይህን ያወቅሁት እማማ ጥሩወርቅ ቤት ገብቼ የባልየውን ምሳ ከጨረስኩ በኋላ ነው። "ታውቂያለሽ አይደል?" ሲሉኝ መልሱ "አዎ" ነው፤ "አላውቅም" ካልኩ ይቆጣሉ። ይህ የመጨረሻው ሕግ እህቴን ብዙ አስከፍሏታል።

መንደሩ ግማሹ "የዋህ" ይለኝ ነበር፣ ግማሹ "ጅል"። ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አንዲት ባለሙያ ለእኛ ለአስተማሪዎች በሰጠችው ሥልጠና ላይ "እነዚህ ልጆች ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ መገመት ይቸግራቸዋል" ብላ ሰሌዳው ላይ ጻፈች። እኔም በደብተሬ ገለበጥኩት። ትክክል ነው፤ ቸግሮኛል። ግን እጄን አውጥቼ ልጠይቃት ፈልጌ ያልጠየቅኋት ጥያቄ ነበረኝ፤ የእነዚህን ልጆች ሐሳብ የሚገምት ሰውስ አለ ወይ? እኔ በበኩሌ አንድ ሰው ብቻ ነበረኝ፤ እህቴ ስመኝ።

ስመኝ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል። አንድ መደብ ላይ ነው የምንተኛው። ራሴን ሰው ሲነካኝ እንደሚያመኝ ታውቃለች፤ ስለዚህ ልታጽናናኝ ስትፈልግ ትንሿን ጣቴን ብቻ ትይዛለች። እንግዳ መጥቶ "መሸ እንግዲህ" ሲል ጆሮዬ ውስጥ "ሊሄድ ነው፣ ጫማውን አቀብዪው" ትለኛለች። አስተማሪው "ጎበዝ፣ ቀጥይ" ብሎ ሁሉም ሲስቅ ከክፍል ስወጣ ጠብቃ "ጎበዝ ያለሽ ሊቆጣሽ ነው፤ ስታወሪ አግኝቶሽ ነው" ትለኛለች። የማልሰማውን ትሰማልኝ ነበር።

ጋሽ ልየው ግን ሌላ ነገር አዩብኝ። በወጣትነታቸው የቆሎ ትምህርት ቤት ገብተው ቅኔ ሳይጨርሱ የተመለሱ ሰው ናቸው፤ የቀራቸው ንግግሩ ነው። አንድም ነገር በአንድ ትርጉም አይናገሩም። ታላቅ ወንድሙ ስለሆኑ አባቴ ይፈራቸዋል፤ በሬ ሲገዛም ሲሸጥም ሳያማክራቸው አያደርገውም። እኔ የሰማሁትን ቃል በቃል እንደምደግም ያወቁ ቀን ተደሰቱ። ከዚያ ወዲያ መልእክታቸውን የማደርሰው እኔ ሆንኩ።

"ቃሌን ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ አድርሺ" ይሉኛል።

ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ። የጉሮሯቸውን መጥረግ ሳይቀር አደርሳለሁ። ሰዎቹ ይስቃሉ፤ "ቁርጥ ልየውን" ይላሉ። ለምን እንደሚስቁ ባይገባኝም ደስ ይለኝ ነበር። በሕይወቴ ያለ ስህተት የምሠራው የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ መገመት የለብኝም፤ ያለውን ማለት ብቻ።

በዚያ ዓመት ገና በዓል እንዳለፈ ጋሽ ልየው ደጃፋቸው ላይ ካለው ጉቶ ላይ ተቀምጠው ጠሩኝ።

"ባንቺአምላክ፣ ለጥር ማርያም አባትሽ ቤት ዝክር አለ። ዘመዱን ሁሉ ትጠሪያለሽ።"

"ዝክራችን የኅዳር ሚካኤል አይደለም?" አልኳቸው።

"እሱማ ነው። ይኸኛው ስለት ነው።"

ስለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሰው ለታቦት ቃል ከገባ መፈጸም አለበት። አሳማኝ ነው። የምለውን ነገሩኝ፦ "ለጥር ማርያም ዝክር አለንና ከነቤተሰብህ እንድትገኝ። የዘንድሮው ዝክር እልልታ ይወዳል፤ ጉሮሮህን ጠርገህ ና። ለማያውቁት አታውራ።"

በሦስት ቀን ሠላሳ ሁለት ቤት አዳረስኩ። በየቤቱ መጀመሪያ እርስ በርስ ይተያያሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። እማማ ጥሩወርቅ አልሳቁም። ትክ ብለው አዩኝና "አንቺን ነው የላኩት?" አሉ። "አዎ፣ እኔን ነው" አልኩ በኩራት። ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ጓዳ ገቡ። እልልታ የሚወድ ዝክር ምን ዓይነት ነው ብዬ አስቤ ነበር። ማርያም እልልታ ትወዳለች ብዬ ደመደምኩ።

ቤታችን በጌሾ ሽታ ተሞላ። የማላውቃቸው ሴቶች እየመጡ ብቅል ይፈጫሉ፤ እኔ ስገባ ወሬ ይቀይራሉ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ የስመኝ እጅና እግር በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁት። እንሶስላ ነው፤ ሲፈታ ጣቶቿ ቀልተው ነበር።

"ምን ሆና ነው?" ብዬ እናቴን ጠየቅኋት።

"እጇን አሟት ነው" አለች እናቴ፣ ፊቷን ወደ ምድጃው አዙራ።

ስመኝ ከትምህርት ቤት ቀረች። እጇን አሟታል፤ መጻፍ አትችልም፤ አሳማኝ ነው። ማስመሪያዋንና አረንጓዴ ሻርፗን ሰጠችኝ። "ለእኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም" አለች። አመሰገንኳት። "ከእንግዲህ መደቡ ላይ ብቻሽን ነው የምትተኚው" አለች። ብርድ ልብሱ ለብቻዬ ሊሆን ነው ብዬ ደስ አለኝ፤ ደስ እንዳለኝም ነገርኳት። ፊቷን አዞረች። ይህን ሁሉ ዛሬ ስጽፈው አሥር ጊዜ ጮኻ የነገረችኝ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን የነገረችኝ ስለ ማስመሪያና ስለ ብርድ ልብስ ነው።

የማርያም ዕለት ጠዋት ጓዳ ውስጥ ሳለች ጠራችኝ። ዓይኗ አብጦ ነበር። በሩ ላይ ሴቶች ስለነበሩ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ባንቺ፣ ዛሬ ሰው ይመጣል። በትምህርት ቤት በኩል ያስጠራኋቸው ናቸው። ሲጠይቁሽ… ታውቂያለሽ አይደል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ። ሕጉ እሱ ነው።

ስመኝ በረጅሙ ተነፈሰች። ትንሿን ጣቴን ያዘችና ለቀቀችኝ።

ከውጭ ጋሽ ልየው ጠሩኝ። የጓሮውን ሳይሆን የደጁን በር እንድጠብቅ አስቀመጡኝ። "እንግዳ ከመጣ አንቺ ተቀበዪ። የሚጠይቁሽን መልሺ። አንቺ ውሸት አታውቂም፤ ሰውም ያውቅልሻል" አሉኝ። ከዚያ ራሴን ዳበሱኝ። ዘገነነኝ፤ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

ወደ አራት ሰዓት ገደማ ወይዘሮ አስናቁ መጣች። ያለ ዕድሜ ጋብቻን የምትከታተል የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ትምህርት ቤታችን መጥታ ለሴቶች ልጆች ስታስተምር አይቻታለሁ። አንድ ሚሊሻ ከኋላዋ ነበር። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ይዛለች። የተተከለውን የዕድር ድንኳን አየች፣ የተደረደሩትን ጋኖች አየች፣ ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ከበሮ አየች። አባቴ መሬት መሬት ያያል። ጋሽ ልየው "ቤት ለእንግዳ፣ ግቡ" እያሉ ብርሌ ያስመጣሉ።

"ቆዩኝ፣ ልጅቷን ልጠይቅ" አለች ወይዘሮ አስናቁ። ጎንበስ አለችልኝ። "አንቺ አትዋሺም አሉኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ዛሬ እዚህ ቤት ምንድን ነው ያለው?"

"ዝክር ነው። የማርያም። ስለት ነው።"

"ሰርግ አይደለም?"

"አይደለም።"

"እህትሽ ስመኝ የት ናት?"

"ጓዳ ናት። እጇን አሟታል፤ እንሶስላ አድርገውላታል።"

ወይዘሮ አስናቁ እስክሪብቶዋን ይዛ ወደ ጓዳው አየች። ከእኔ እስከ ጓዳው መጋረጃ ስድስት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬው አውቃለሁ። ከዚያ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ቆማ አንድ ብርሌ ጠጅ ጠጣች፤ ሚሊሻው ሁለት ጠጣ። ሄዱ።

ጋሽ ልየው "ተባረኪ" አሉኝ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ወንዶች ሳቁ። እኔም በትክክል ስለመለስኩ አብሬ ሳቅሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከደብረ ኤልያስ በኩል አይሱዙ ሙሉ ሰው መጣ። እየጨፈሩ ነው የወረዱት። አንድ ነጭ የለበሰ፣ ጢሙ ገና ያላበቀለ ልጅ መሀላቸው ነበር። ከበሮው ተነሣ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ስመኝን ተሸፋፍና ሁለት ሴቶች ደግፈው ከጓዳ አወጧት። እናቴን ቀሚሷን ይዤ "ዝክር ላይ ሙሽራ አለ?" ብዬ ጠየቅኋት። እናቴ ታለቅስ ነበር፤ "ዝም በይ" አለችኝ።

ስመኝ በአጠገቤ ስታልፍ ሻሹን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። አንድ ቃል ብቻ ተናገረች።

"አንቺም?"

እኔም ምን? መኪናው ሲሄድ ከኋላው ሮጥኩ፤ ልጠይቃት ነበር። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰው ጠየቅሁ። አባቴ "ሂጂ ወደዚያ" አለኝ። እናቴ አልመለሰችልኝም። ጋሽ ልየው "ሙሽራ ስትሄድ የማትለው የላትም" አሉኝ።

ነገሩን የነገረችኝ አብራኝ የምትማር ልጅ ናት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ በእረፍት ሰዓት፣ ቆሎ እየበላች። "ያዳንሻቸው አንቺ ነሽ እኮ፤ አባቴ 'ያቺ ጅል ባትኖር ታስረው ነበር' አለ" አለችኝ። ማንን ነው ያዳንኩት አልኳት። ገረማት። ከዚያ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረችኝ፤ ስመኝ ከወንድ ተማሪ ጋር ስታወራ ታየች ተብሎ፣ ጋሽ ልየው "ሳትበላሽ" ብለው፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ዝክሩ ስም ብቻ መሆኑን፣ ሠላሳ ሁለቱም ቤት ገና ከበር ላይ ስናገር እንደገባቸው። ይቺ ልጅ አሥር ዓመቷ ነው። እሷም ታውቅ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ጀርባ ካሉት ባሕር ዛፎች ሥር ሄጄ እስኪደወል ግንዱን በጡጫ መታሁት። ያመመኝ አለማወቄ አልነበረም፤ ብዙ ነገር አላውቅም፣ ለምጄዋለሁ። ያመመኝ አለማወቄን ማወቃቸው ነው። ዋሺ ብለው ቢያዙኝ እምቢ እንደምል አውቀው፣ እኔን ዋሽተው፣ እውነተኛ ፊቴን በር ላይ አቆሙት። እንጨት እንደሚያቆሙ።

ያን ቀን በቀጥታ ጋሽ ልየው ዘንድ ሄድኩ። የበግ መዥገር እየለቀሙ ነበር፤ ጸጉሩን በጣታቸው እየፈተሹ።

"ለምን ዋሹኝ?" አልኳቸው።

"መቼ ዋሸሁሽ?"

"ዝክር ነው አሉኝ። ሰርግ ነበር።"

ሳቁ። "የማርያም ስም አልተጠራም? ደሀ አልበላም? ዝክርስ ከዚህ ሌላ ምንድን ነው? ስታድጊ ይገባሻል።"

አደግሁ። አልገባኝም።

ከዚያ በኋላም ሊልኩኝ ሞከሩ። "ለጎረቤታችን ለደሴ ነገ በሬውን አመጣልሃለሁ በዪው" አሉኝ። ሄጄ እንዲህ አልኩ፦ "ጋሽ ልየው ነገ በሬውን አመጣልሃለሁ ብለዋል። እውነት ይሁን ውሸት እኔ አላውቅም።" በሁለተኛው ቤትም እንዲሁ፣ በሦስተኛውም። እየጨመርኩ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። የሚስቅ ሰው አልነበረም። በሳምንቱ መላኩን ተዉት። አባቴም "አሳፈርሽን" ብሎ ጆሮዬን ቆነጠጠኝ። ማን ማንን እንዳሳፈረ አልጠየቅሁትም።

አንድ ነገር ግን ማስተካከል እንዳለብኝ አሰብኩ። ወይዘሮ አስናቁ በእኔ ምክንያት ተሳስታለች። ደብተሯ ላይ ስህተት አለ። የገበያ ቀን ከእናቴ ጋር ወደ ከተማ ስንሄድ እናቴ ጨው ስትመርጥ ጠፋሁባት፤ እየጠየቅሁ መሥሪያ ቤቷ ደረስኩ። ቢሮዋ ትንሽ ናት፤ የወለል ሰም ትሸታለች። ስታየኝ ወዲያው አወቀችኝ።

"እመቤቴ፣ የነገርኩዎት ስህተት ነው" አልኳት። ቃሉን መንገዱን ሁሉ ስለማመደው ነበር። "ዝክር አልነበረም። ሰርግ ነበር። እኔ አላወቅሁም ነበር፤ ዋሽተውኝ ነው። እባክዎ ይሰርዙትና እህቴን ያምጧት።"

ወይዘሮ አስናቁ በሩን ዘጋችው። ተመልሳ ስትቀመጥ ወንበሩ ጮኸ።

"ሰርግ መሆኑንማ አውቃለሁ" አለች።

"ማን ነገረዎት?"

"ማንም አልነገረኝም። ከበሮውን አላየሁም? እንሶስላ አድርገውላታል ብለሽ አንቺ ራስሽ አልነገርሽኝም?"

"ታዲያ ለምን ሄዱ?"

መልሱን እየጠበቅሁ ፊቷን አየሁት። እኔ የሰው ፊት ላይ ብዙ አይታየኝም፤ ያን ቀን ግን ላቧን አየሁት። "እኔም ልጆች አሉኝ" አለች በመጨረሻ። "በዚያው መንገድ ነው ዕለት ዕለት የማልፈው። አጎትሽ ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? ብቻዬን ምን ላድርግ? የሚጻፍ ነገር ያስፈልገኝ ነበር። አንቺ ሰጠሽኝ።"

"ታውቂያለሽ አይደል" ብላኝ ነበር። ሕጌን ያን ቀን አፈረስኩት።

"አላውቅም" አልኳት። "ጓዳ ናት አልኩዎት። ስድስት እርምጃ ነበር።"

"አንቺ ልጅ" አለች። መሳቢያዋን ከፍታ ከረሜላ ሰጠችኝ። ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ። ከበሩ ውጭ ቆምኩ። ለካ የተታለለ ሰው አልነበረም። መንደሩ ያውቃል፣ ትምህርት ቤቱ ያውቃል፣ መንግሥት ያውቃል። የሌላውን ልብ ማወቅ የሚችል ሁሉ አውቆ ዝም አለ። የዋሹት እኔን ብቻ ነው፤ የታሰረችው ስመኝ ብቻ ናት። እናቴ ስታገኘኝ በጥፊ መታችኝ፤ ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች። ሁለቱም አስጠሉኝ።

ስመኝ የመጣችው ለፋሲካ ነው። ባሏ አምጥቷት፣ በዳግማይ ትንሣኤ እወስዳታለሁ ብሎ ተመለሰ። ከስታ ነበር፤ አንገቷ ረዝሞብኛል። እንደ ትልቅ ሴት ሻሽ አስራለች። ለእናቴ "ደህና ነኝ" ትላለች፤ ለእኔ ምንም አትልም። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በመደቡ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትተኛለች።

በአራተኛው ቀን ድንች ልንቆፍር ጓሮ ወረድን። እሷ ትቆፍራለች፣ እኔ እለቅማለሁ። ሐሳቧን መገመት አልችልም፤ ስለዚህ እኔ ያለኝን ተናገርኩ። ከጉቶው ጀምሬ እስከ ከረሜላው፣ ማን ምን እንዳለ፣ ቃል በቃል። የጋሽ ልየውን ድምፅ በጋሽ ልየው ድምፅ፣ የወይዘሮዋን በወይዘሮዋ። ስመኝ መቆፈሯን አቆመች።

"ዝክር ይመስልሽ ነበር?" አለች።

"ዝክር ነው ብለውኝ ነበር።"

"እጄንስ?"

"አሟታል ብለውኝ ነበር።"

"ጠዋት ጓዳ ስጠራሽ አውቃለሁ አላልሽኝም?"

"'ታውቂያለሽ አይደል' አልሽኝ። ምኑን እንደሆነ አልነገርሽኝም።"

ዶማውን ጥላ መሬት ላይ ተቀመጠች። አፈር በነካው እጇ ፊቷን ጠረገች፤ ጉንጯ ላይ ጥቁር መስመር ቀረ። እንሶስላው ከጣቶቿ ለቆ ጥፍሯ ላይ ብቻ ነበር የቀረው።

"ሁልጊዜ የሰውን ነገር የምተረጉምልሽ እኔ ነበርኩ" አለች። "የራሴን ሳልተረጉምልሽ ቀረሁ። ሴቶቹ ይሰሙኛል ብዬ ፈራሁ።" ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ፤ ቁጣ ነበረው፣ ቁጣው ግን በእኔ ላይ አልነበረም። "አሁን የምነግርሽ ሌላ ትርጉም የለውም። እየሰማሽኝ ነው?"

"እየሰማሁ ነው።"

"ወደዚያ ቤት አልመለስም። ነገ ጠዋት ውኃ ልንቀዳ ነው ብለን እንወጣለን። አንቺ ደብተሮቼን በነጠላ ጠቅልለሽ ትይዣለሽ። አስፋልቱ ድረስ እንሄዳለን። አንድ ሰዓት ላይ በሚያልፈው ሚኒባስ ማርቆስ እትዬ ሙሉ ጋ እሄዳለሁ።" እትዬ ሙሉ የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ማርቆስ ሻይ ቤት አላት። "እንድትዋሺ አልፈልግም። ከጠየቁሽ እውነቱን ተናገሪ። ካልጠየቁሽ ግን ዝም በይ።"

"እስከ ስንት ሰዓት?"

አሰበች። "እስከ አራት ሰዓት።"

ያለ ምንም መገመት የገባኝ የመጀመሪያው የሰው ሐሳብ ይህ ነው። ደግሜ አልኩላት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ትንሿን ጣቴን ያዘችኝ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ስንወጣ እናቴ በሩ ላይ ነበረች። ነጠላውን በብብቴ ይዤዋለሁ፤ የደብተሮቹ ጠርዝ ይታያል። እናቴ አየችው። ስመኝን አየቻት። "ውኃው ዛሬ ይርቃል፤ ዳቦ ያዙ" አለችና ሙልሙል አምጥታ ሰጠቻት። እስከ ዛሬ አውቃ ይሁን ሳታውቅ አላውቅም። ብዙ ጊዜ ጠይቄያታለሁ፤ "ውኃ ልትቀዱ አልነበር እንዴ" ነው የምትለኝ።

ሚኒባሱ በሰዓቱ መጣ። ስመኝ ገብታ ከመስኮቱ አላየችኝም፤ ሰው እንዳያውቃት ራሷን ደፍታ ነበር። ዛሬ ያ መንገድ እንዴት እንዳለቀ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ማርቆስ ወርዷል። እትዬ ሙሉ ሦስቱንም ጊዜ ሻይ ቀድታ፣ አስተናግዳ፣ ባዶ እጃቸውን መልሳለች። ስመኝ እየሠራች ስምንተኛን ደገመች።

እኔ ጄሪካኑን ሞልቼ ተመለስኩ። የአባቴ ስልክ ኔትወርክ የሚይዘው መሀል ምሰሶው ላይ ሲሰቀል ብቻ ነው፤ እሱ ሥር ቁጭ ብዬ የሰዓቱን ቁጥሮች አየሁ። እናቴ ሁለት ጊዜ በአጠገቤ አለፈች፤ ምንም አልጠየቀችኝም። ልክ አራት ሰዓት ሲሆን ተነሥቼ ወደ ወንዙ ወረድኩ። አባቴና ጋሽ ልየው በሬዎቹን ያጠጡ ነበር።

"አባባ፣ ስመኝ ወደ ማርቆስ ሄዳለች። አትመለስም" አልኩ።

አባቴ አልገባውም። ደገምኩለት። ጅራፉን ከትከሻው አወረደው።

"መቼ ነው የሄደችው?"

"አንድ ሰዓት ላይ።"

"አንቺ መቼ አወቅሽ?"

"ትናንት፣ ድንች ስንቆፍር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አልጠየቁኝም።"

ጋሽ ልየው ቀረብ ብለው ፊቴን ትክ ብለው አዩት፤ ከግራ አዩት፣ ከቀኝ አዩት። የሚፈልጉት ነገር ነበር፣ ግን አላገኙትም መሰለኝ። "ማን ብሎሽ ነው? የማንን ቃል ነው የምታመጪው?" አሉኝ።

"የማንንም አይደለም። የራሴ ነው።"

አባቴ መታኝ። ብዙ መታኝ። አላለቀስኩም፣ ሒሳብ እየሠራሁ ነበር። ከአስፋልቱ እስከ ማርቆስ በሚኒባስ ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ገብታለች ማለት ነው። ከደረሰች ሁለት ሰዓት ተኩል አልፏታል።